የኢሜይላችን ወንፊት በማን እጅ ነው?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ኢሜይል ነው። «ይሄ የኮምፒውተር ሰዎች ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ለእኛ ለስደተኞች ኢሜይል የቤት አድራሻችን ነው። ሰፈር እንቀይራለን፣ ሲም ካርድ ይዘጋብናል፣ የቀጠሮ ደብዳቤ ግን እዚያው ይመጣል።

እዚህ ናይሮቢ ያለው ትንሹ ማኅበራችን የራሱ የኢሜይል ሰርቨር እንዳለው አባላት ታውቃላችሁ። ዓምና «ገንዘብ ላኩ፣ ሪሴትልመንት እናስጨርስላችኋለን» የሚሉ አጭበርባሪዎች በመልእክት አጥለቀለቁን። አንዳንዶቻችንም ገንዘባችንን ተበላን። ሰርቨሩን በነጻ የሚያስተዳድርልን ወንድማችን ለእኛ አስቦ አንድ ትእዛዝ ጻፈ፦ ርዕሱ ላይ «ሪሴትልመንት» የሚል ቃል ያለበት መልእክት ሁሉ ይጣል።

የአጭበርባሪዎቹ መልእክት ቆመ። ግን የአንዲት እህታችን እውነተኛ የቃለ መጠይቅ ጥሪም አብሮ ተጣለ። ስፓም ውስጥ የለም፣ ትራሽ ውስጥ የለም። ላኪውም የደረሳት መስሎታል፤ እንዲህ ያለው ትእዛዝ ደብዳቤውን የሚጥለው ለማንም ሳይናገር ነውና። ሁለት ልጆች ይዛ ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቀን አለፋት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ነገሩን ያወቅነው «ለምን ቀረሽ?» ተብሎ ሲደወልላት ነው። ትእዛዙን ቶሎ እናንሳ ብንል ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ካናዳ ገብቷል፤ እኛ ጧት ስንሯሯጥ እሱ ዘንድ ገና ሌሊት ነው። ወንድማችንን አልወቅሰውም። ኮሚቴው ውስጥ ያለነው፣ እኔም ጭምር፣ «ምን ጻፍክ?» ብለን አንድ ቀን አልጠየቅነውም።

አቋሜ ይሄ ነው፦ ደብዳቤን የሚያጣራውን ትእዛዝ የደብዳቤው ባለቤት ማየትና መለወጥ መቻል አለበት። መንገዱም አለ፣ አዲስ ነገርም አይደለም።

ትእዛዞቹ የሚጻፉበት ቋንቋ «ሲቭ» ይባላል፤ ወንፊት ማለት ነው። «ከዚህ ላኪ የመጣው እዚህ ፎልደር ይግባ» ይባላል፣ ሰርቨሩም ስልካችን ተዘግቶ እንኳ ይፈጽመዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ «ማኔጅሲቭ» የሚባለው አሠራር በመደበኛነት ወጣ። እያንዳንዱ ሰው በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ፣ ካለበት ቦታ ሆኖ የራሱን ስክሪፕት ያነባል፣ ይለውጣል፣ ሥራ ላይ ያውላል። አጻጻፉ ከተሳሳተ ሰርቨሩ አይቀበልም፤ የቀድሞው እንደነበረ ይሠራል። የእኛ ሰርቨር የሚሠራበት ዶቭኮት ይህን ከ«ፒጅንሆል» ጋር ይችላል። ራውንድኪዩብ ላይ ደግሞ ተጨማሪውን ስናበራ ኮድ መጻፍ የማይችል ሰው በምርጫና በቁልፍ ይሠራዋል።

«በር ከተከፈተ ሌባ ይገባል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው። የይለፍ ቃላችንን አንዴ ያገኘ ሌባ «የመጣው ሁሉ ወደ እኔም ይተላለፍ» ብሎ ይጽፋል። እኛ የይለፍ ቃል ብንቀይርም ትእዛዙ ይቀራል፣ ደብዳቤያችንን ማንበቡን ይቀጥላል። መልሱ ግን በሩን መዘጋት ሳይሆን በደንብ መሥራት ነው። ማኔጅሲቭ የሚጠቀምበትን ፖርት 4190 ለዓለም መክፈት አያስፈልገንም፤ ራውንድኪዩብ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ስላለ ከውስጥ ይገናኛል፣ እኛ የምንገባው በተመሰጠረው ድረ ገጽ ነው። ወደ ሌላ አድራሻ ማስተላለፍን የሚገድበውን ቁጥርም ዜሮ ብናደርገው ማስተላለፍ ይከለከላል። ማስተላለፊያ የሚጠቀሙ ጥቂት አባላት ይቸገራሉ፤ እኔ ግን ያንን ችግር እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ግን እንዳንሸወድ። ይሄ ብቻውን እህታችንን አያድናትም ነበር። ደብዳቤዋን የጣለው ከእያንዳንዱ ሰው ስክሪፕት በፊት የሚሠራው የጋራ ትእዛዝ ነው፤ እሱ በማኔጅሲቭ አይታይም። ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄዬ፦ የጋራው ትእዛዝ ምንም ደብዳቤ አይጣል። የተጠረጠረውን ወደ ስፓም ፎልደር ብቻ ይውሰድ። ምን እንደሚል በአማርኛ ተጽፎ ግሩፓችን ላይ ይለጠፍ፣ ሲለወጥም ይነገረን። ቁልፉም ቢያንስ በሁለት ሰው እጅ ይሁን፣ አንዱ እዚህ ናይሮቢ ያለ።

ጂሜይል የምትጠቀሙ፣ በተለይ አካውንታችሁን ሳይበር ቤት ወይም ደላላ የከፈተላችሁ፣ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል። በኮምፒውተር ግቡና ሴቲንግ ውስጥ የፊልተሮችንና የማስተላለፊያውን ገጽ እዩ። የማታውቁት አድራሻ ካለ አጥፉት፣ የይለፍ ቃልም ቀይሩ። ስፓማችሁንም በየሳምንቱ እዩ፤ ከ30 ቀን በኋላ ይጠፋል። ሪሴትልመንት ደግሞ አይሸጥም። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት ነጻ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሌባ ነው።

እህታችን አዲስ ቀጠሮ እየጠበቀች ነው፤ በጸሎት አስቧት። እሁድ ስብሰባ ላይ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አቀርባለሁ። የማትስማሙ ካላችሁ ኑና ተከራከሩኝ፣ ራቅ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችን ደግሞ አንብቡላቸው፣ ስልካቸውንም አብራችሁ እዩላቸው።