ሽንቱ ምን ይመስላል?

ባለፈው ክረምት፣ ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንዲት ጎረቤቴ በማለዳ በሬን አንኳኩ። «ሲስተር፣ ልጄን ምች መታብኝ፤ ከጓሮሽ ትንሽ ዳማከሴ ቀንጥሺልኝ» አሉኝ። ልጄ የሚሉት የልጃቸውን ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ለቡድኑም ኳስ ይጫወታል። ለዕረፍት እዚህ ማሻ አያቱ ዘንድ መጥቶ ነበር።

ዳማከሴውን ሰጠኋቸውና ተከትያቸው ሄድኩ። ልጁ አልጋ ላይ በጀርባው ተኝቷል። ትኩሳት የለውም። ጭኑን ስነካው ግን አብጦ እንደ እንጨት ደርቋል፤ ጉልበቱን ማጠፍ አልቻለም።

«ምን ስትሠራ ነበር?» አልኩት። ነገሩን ቀስ በቀስ አወጣው። ፈተና ከጨረሰ ጀምሮ ከወር በላይ ምንም አልሠራም። መስከረም ላይ ልምምድ ሲጀመር አቅሙ የወረደ ከቡድኑ ይቀነሳል ተብሏል። ስለዚህ ከጓደኞቹ ጋር ተወራርዶ በመጀመሪያው ቀን ቁልቁለቱን እስከ ወንዝ ሮጦ ወርዶ ዳገቱን ወጣ፤ ከዚያ ሁለት መቶ ጊዜ ቁጢጥ ብሎ ተነሳ። በማግስቱ እያመመውም ደገመው። ማታ የሕመም ማስታገሻ ውጦ ተኛ።

«ሽንትህ ምን ይመስላል?»

አያቱን አየና ዝም አለ። እሳቸውን ውኃ እንዲያመጡ ላክኋቸው። ያኔ በዝግታ «ጥቁር ሻይ ይመስላል» አለኝ።

ምች አልነበረም። በዚያው ጠዋት መኪና ተፈልጎ ወደ ሆስፒታል ሄደ። በደም ሥሩ ፈሳሽ እየተሰጠው፣ ኩላሊቱ በምርመራ እየታየ ለቀናት ተኛ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኖ ወጣ። አንድ ሁለት ቀን በዳማከሴና በማስታገሻ ቢቆይ ኖሮ ግን ዛሬ የምጽፈው ሌላ ታሪክ ሊሆን ይችል ነበር።

ይህ ሕመም በሕክምና ስሙ ራብዶማዮላይሲስ ይባላል። ያልለመደ ጡንቻ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ሕዋሶቹ ይፈርሳሉ፤ በውስጣቸው ያለው ነገር ወደ ደም ይፈስሳል። ደሙን የሚያጣራው ኩላሊት ነውና ሸክሙ እሱ ላይ ይወድቃል። ሽንትን ሻይ ወይም ኮካኮላ የሚያስመስለው ከጡንቻው የወጣው ቀለም ነው። ሰውነት ውኃ ካነሰው አደጋው ይጨምራል። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም በዚህ ጊዜ ኩላሊትን ይበልጥ ይጎዳሉ።

የኛ አገር ልጆች ብቻ የሚሠሩት ስህተት አይደለም። በጥር 2003 ዓ.ም. በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ 13 የፉትቦል ተጫዋቾች በዚሁ ሕመም ሆስፒታል ገብተዋል። ለሦስት ሳምንት ያህል አርፈው እንደተመለሱ ክብደት ተሸክመው መቶ ጊዜ ቁጢጥ ብለው እንዲነሱ ታዘው ነበር። አሠልጣኝም ሐኪምም ያላቸው ጎረምሶች ናቸው። ዕረፍቱ ጡንቻቸውን እንዳላላው ያሰበ አልነበረም።

እኛ ደገኞች ደግሞ አንድ የሚያታልለን ነገር አለ። «የደጋ ልጅ ዳገት ለምዷል» እንላለን። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍታ ያልፋል። ወራትን ቆላ ከርሞ የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ትንፋሽ ቢያጥረው አይደንቅም፤ ሰውነቱ አየሩን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ጡንቻን የሚጎዳው ደግሞ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው። ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ይይዛል፤ እንዲህ ያለው ሥራ ይበልጥ ይሰነጣጥቀዋል። ሽቅብ ሲሮጥ ሳንባው «በቃህ» ይለዋል፤ ቁልቁል ሲሮጥ የሚያስቆመው የለም፤ ሕመሙ የሚመጣው በማግስቱ ነው።

ታዲያ ልጁ እንዴት ይዘጋጅ? ቢያንስ አራት፣ ቢቻል ስድስት ሳምንት ይኑረው።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን እየዘለለ፣ ሜዳ በሆነ ቦታ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ ይሩጥ። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየሮጠ ከጓደኛው ጋር ማውራት መቻል አለበት። በሁለተኛው ሳምንት ትንሽ ይጨምር፤ ቁጢጥ ማለትንና ፑሽአፕን ከአሥር ከአሥር ይጀምር። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ዳገትና አጫጭር የፍጥነት ሩጫ ይግባ፤ ከሩጫው እጥፍ የሚሆን ዕረፍት በመሃል ይኑረው። ቁልቁለቱን በእግሩ እየተራመደ ይውረድ። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ይረፍ። ከመጀመሩ በፊት ሰውነቱን ያሟሙቅ። ፊፋ ያዘጋጀው «11+» የተባለው ማሟሟቂያ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ከኳስ በቀር ዕቃ አይጠይቅም፤ በሳምንት ሁለቴ በደንብ የሠሩት ቡድኖች ጉዳታቸው እንደቀነሰ ታይቷል።

ስለ ምግብ እናቶችና አያቶች ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። በሶው፣ ቆሎው፣ ሽሮውና ምስሩ፣ ሲገኝም እንቁላሉ ይበቃል። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይሁን፤ ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ይቀንሳሉና። ይህ በተለይ ለሴት ልጆቻችን ነው፤ በወር አበባ ደም ስለሚያጡ ብረት ቶሎ ያንሳቸዋል።

በጾም ወቅት ልምምዱ ይቅለል። የፍልሰታ ጿሚ ማምሻውን፣ ሊመገብ ሲል ይሥራ። በረመዳን ቀን ውኃ ስለማይጠጣ ከባዱ ልምምድ ከማፍጠሪያ በኋላ ይሁን።

ልምምድ ጨርሶ መቆም ያለበት ጊዜም አለ። ትኩሳት ያለበት ልጅ አይሩጥ። እየሮጠ ራሱን የሳተ፣ ደረቱን የሚያመው ወይም ልቡ ያለ ልክ የሚመታበት ልጅ ሐኪም ሳያየው ወደ ሜዳ አይመለስ። በሰኔ 1995 ዓ.ም. ፈረንሳይ ሊዮን ላይ በጨዋታ መሃል ወድቆ የሞተውን ካሜሩናዊ ማርክ ቪቪየን ፎዌን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ዕድሜው 28 ነበር፤ ልቡ ላይ ከውጭ የማይታይ ሕመም ነበረበት። ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ፣ ወይም ልጁ በሕፃንነቱ ጉሮሮውን ታሞ መገጣጠሚያው አብጦበት ከነበረ፣ ወይም በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ታዞለት ካቋረጠ፣ ከውድድሩ በፊት ልቡ ይታይ። ይህን የቤተሰብ ታሪክ አሠልጣኙ አያውቀውም። የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የተራ ድካም ሕመም እየተንቀሳቀሱ ሲሄዱ ይላላል፤ በጥቂት ቀናትም ይለቃል። ጡንቻው ካበጠ፣ ማጠፍና መዘርጋት ካቃተ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ካነሰ ግን ያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ማስታገሻ ገዝታችሁ አትስጡት። ለባለሙያው «ምች መታው» ከማለት ይልቅ ምን ያህል እንደሮጠና ሽንቱ ምን እንደሚመስል ንገሩት።

የጎረቤቴ ልጅ ሲሻለው የቆየ ነገር ጠየቅሁት። «ሽንትህ ሲጠቁር ለምን ዝም አልክ?» አልኩት። «ለአያቴ ይነገራል እንዴ? ደግሞ ደካማ ነው ቢባልስ ብዬ ፈራሁ» አለኝ። ልጆቻችን ኩላሊታቸውን ከማጣት ይልቅ ከቡድን መቀነስን ይፈራሉ። ስለዚህ መጠየቁ የኛ ፋንታ ነው።

ዘንድሮም ለዕረፍት መጥቷል፤ በሐኪም ፈቃድ ልምምዱን ከሜዳው ጀምሯል። አያቱ በየጠዋቱ ከጓደኞቹ ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሽንትህ ምን ይመስላል?» ይሉታል። ልጁ በእፍረት መሬት ይገባል። መልሱን ሳይሰጥ ግን ከግቢ አይወጣም።