በጠራ ሰማይ የተመዘገበ ልምምድ በአንኮበር ጉም ምን ያህል ያስተማምናል?

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚጓዝ መንገደኛ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ደጋው ሜዳ ሲያበቃና ገደሉ ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ይመለከታል። ከምሥራቅ የሚመጣው እርጥበት አዘል አየር ይህን ገደል ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። በመሆኑም ደብረ ብርሃን ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ አንኮበርና ጣርማ በር በጉም መሸፈናቸው ለነዋሪውም ሆነ ለደሴ መስመር አሽከርካሪዎች እንግዳ ነገር አይደለም። አሽከርካሪው መብራት አብርቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካስፈለገም ዳር ይዞ ይቆማል። አብራሪው ግን መቆም አይችልም።

አድማስ ሲሰወር የሰው የውስጥ ጆሮ ያሳስታል፤ እያዘነበለ ያለው አውሮፕላን ቀጥ ብሎ የሚበር ይመስላል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ልጅ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጁኒየር እ.ኤ.አ. በ1999 ሌሊት በባሕር ላይ ሲበር ሕይወቱ ያለፈው በዚሁ ምክንያት መሆኑን የአገሪቱ መርማሪዎች አረጋግጠዋል። በመሣሪያ ለመብረር የሚያስችል ፈቃድ አልነበረውም።

ኢትዮጵያ የቺካጎውን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። የስምምነቱ አባሪ አንድ በመሣሪያ ለመብረር ፈቃድ የሚጠይቅ አብራሪ ቢያንስ 40 ሰዓት የመሣሪያ ልምምድ እንዲኖረው ያዛል፤ ከፊሉን በሲሙሌተር ሊያሟላ ይችላል። ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ግን ባለፈቃዱ በቅርብ ጊዜ ምን ያህል ልምምድ ሊኖረው እንደሚገባ የመወሰኑን ኃላፊነት ለየአገሩ መንግሥት ይተዋል።

አገሮች ይህን ኃላፊነት በተለያየ መንገድ ተወጥተውታል። በአሜሪካ ደንብ አብራሪው ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ ስድስት የመሣሪያ ማረፊያ አቀራረቦችን፣ በአየር ላይ ተራ መጠበቅንና የራዲዮ መስመር ይዞ መብረርን መፈጸም አለበት። አውሮፓ ደግሞ ቁጥር ከመቁጠር ይልቅ በየዓመቱ በፈታኝ ፊት ብቃትን ማሳየትን ይጠይቃል።

በአሜሪካው ደንብ ስድስቱ አቀራረቦች ሁሉ በጠራ ሰማይ ሊፈጸሙ ይችላሉ። አብራሪው ከመሣሪያዎቹ በስተቀር ሌላ እንዳያይ ግርዶሽ ያጠልቃል፤ ከጎኑ የተቀመጠ ሌላ ፈቃድ ያለው አብራሪ ደግሞ ሌሎች አውሮፕላኖችን ይጠብቃል። የዚህ ሰው ስም በበረራ መዝገቡ መስፈር አለበት። የአገሪቱ አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ማብራሪያም በግርዶሽ የተደረገ አቀራረብ የሚቆጠረው እስከተወሰነው ዝቅተኛ ከፍታ ድረስ ሲፈጸም ብቻ መሆኑን ገልጿል።

አሠራሩ ርካሽና ከአደጋ የራቀ በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ግርዶሹ ሲነሣ ማኮብኮቢያው ወለል ብሎ ይታያል፤ በእውነተኛ ጉም ውስጥ ግን መብራቶቹ በከፊል ይታዩና መልሰው ይሰወራሉ፣ አብራሪውም በሰከንዶች ውስጥ ማረፍ ወይም ተመልሶ መነሣት እንዳለበት ይወስናል። በግርዶሹ ጠርዝ ሾልኮ የሚገባ የፀሐይ ብርሃንና የመሬት ቅንጭብም ሳይታወቅ ይረዳል። ጉም ይህን ውለታ አይውልም።

የመንገደኛ አየር መንገድ አብራሪዎች በዓለም አቀፉ መስፈርት መሠረት በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚፈተኑ ሥጋቱ በዋናነት የሚመለከተው ቀላል አውሮፕላኖችን፣ የሥልጠናና የግል በረራን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ አቅጣጫ የሚበር አነስተኛ አውሮፕላን የሚያልፈው ደግሞ በዚሁ የሰሜን ሸዋ ተራራ ጫፍ አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በከተማዋና በደመናው መካከል የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው፤ በዚያ ከፍታ የሞተር ጉልበትም ይቀንሳል።

ስለሆነም ተቆጣጣሪ ባለሙያ የበረራ መዝገብ ሲመረምር ስድስት ቁጥር መሙላቱን ብቻ ማየቱ አይበቃም። ስድስቱ አቀራረቦች በአንድ ቀን፣ በአንድ ማኮብኮቢያ፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ የተፈጸሙ ናቸው ወይስ በወራቱ የተከፋፈሉ? ከጎን የተቀመጠው ማን ነበር? ከመካከላቸው በእውነተኛ ደመና ውስጥ የተደረገ አለን? መልሱን ለማግኘት መዝገቡን ገልጦ ጥቂት ደቂቃ ማንበብ እንጂ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም።