ለምን ዶክተር አልሆንሽም?

«ምን ተማርሽ?»

«ጤና መኮንን።»

«እ… ለዶክተርነቱ ነጥብ አልመጣልሽም ማለት ነው?»

ጤና መኮንን ጓደኛ ያላችሁ ሰዎች ይህችን ምልልስ በደንብ ታውቋታላችሁ። ሠርግ ላይ ትመጣለች፣ ለቅሶ ቤት ትመጣለች፣ ታክሲ ውስጥ እንኳ አትቀርም። ጠያቂው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እኛ አገር ጤና ማለት ዶክተር ነው፤ የቀረው ሁሉ መንገድ ላይ የቀረ ዶክተር ነው። እኛን የሚከነክነን ጥያቄው መልሱን ይዞ መምጣቱ ነው። «ለምን ይህን ሙያ ወደድሽው?» ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም።

እስቲ እኛ እንጠይቅ።

ከማይነገረው እንጀምር። የምናውቃቸው አብዛኞቹ ጤና መኮንኖች ሕክምናን ከላይ፣ ጤና መኮንንን ከሥሩ ሞልተው የደረሳቸውን የተማሩ ናቸው። ታዲያ ምን ይሁን? ሒሳብ ያስተማረን፣ ድልድይ የሚሠራልን፣ ባንክ ቤት ብራችንን የሚቆጥርልን ሰው ሁሉ አንደኛ ምርጫው ደርሶት ነው እንዴ? ከሌላው የማንጠብቀውን «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ነበር» የሚል ተረት ከጤና ባለሙያ ለምን እንደምንጠብቅ አይገባንም።

አሜሪካኖችማ ይህንን ተረት በጽሑፍ ይጠይቃሉ። ከሐኪም ጋር እየሠራ በሽተኛ የሚመረምር፣ መድኃኒት የሚያዝ፣ ቀዶ ጥገና ላይ የሚያግዝ «ፊዚሽያን አሲስታንት» የሚባል ባለሙያ አላቸው። ትምህርቱን የሚያመለክት ተማሪ ለምን እንደፈለገው ከ5,000 ፊደል ባልበለጠ ጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ምን እንደሚጻፍ መገመት አይከብድም፦ የታመመች አያት፣ አንድ ደግ ባለሙያ፣ ከዚያ ሰውን የመርዳት ፍላጎት። የማይጻፈውን ደግሞ እኛ እንጻፈው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ትምህርቱ ከሁለት ዓመት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ዕዳው ከሐኪሙ ያንሳል። ከቀዶ ጥገና ወደ ቆዳ ሕክምና ለመዛወር ቢያምርህ እንደ ሐኪሞቹ ስፔሻላይዜሽን ከሀ መጀመር የለብህም። እኛ እነዚህም የተከበሩ ምክንያቶች ናቸው ባዮች ነን። ኑሮውን አስቦ ሙያ የመረጠ ሰው በሽተኛ ይጠላል ያለው ማነው?

አሁን ብዙ ሰው ልብ ያላለውን እንንገራችሁ። ያ የአሜሪካኖች ሙያ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ በባሕር ኃይል የሕክምና ረዳት የነበሩ አራት ሰዎች ገብተው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ሦስቱ ተመረቁ። ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጁ ተከፍቶ ጤና መኮንን ማሠልጠን የተጀመረው ግን በ1947 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር 1954 መሆኑ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ቀድመን! (አንዴ እንኳ ብንኮራ ምን አለበት?) ከዚያ ቀደም ብሎ ደምቢያን ወባ ፈጅቷት ነበር፤ ሐኪም ደግሞ ከየት ይምጣ? ኮሌጁ ጤና መኮንኑን፣ የኮሚኒቲ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን አንድ ላይ እያሠለጠነ፣ በቡድን ወደ ገጠር ይልካቸው ነበር። ሙያው የተፈጠረው ሐኪም በሌለበት ቦታ የሚወስን ሰው ጠፍቶ ነው። ነጥብ ለጎደለው ተማሪ ማጽናኛ ይሁን ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«የሚወስን» ያልነው አውቀን ነው።

ከጓደኞቻችን አንዷ አራቱን ዓመት የተማረችው ልቧ ሕክምና ላይ ሆኖ ነው። ከነርሲንግ፣ ከአዋላጅነትና ከላቦራቶሪ ተማሪዎች ጋር በቡድን ገጠር ወጥተው ቤት ለቤት መጸዳጃ ቤት ሲቆጥሩ «ለዚህ ነው የተማርኩት?» ብላ በስልክ ስታማርር አስታውሰናታል። ከተመረቀች በኋላ ጤና ጣቢያ ገባች። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሌሊት፣ ተረኛ ሆና፣ የሚያንቀጠቅጠው ሕፃን ይመጣል። ሪፈር ትጻፍ ወይስ እዚያው ታክመው? አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ሄዷል። እናትየው ዓይኗን ከእሷ ላይ አላነሳችም። አከመችው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሕፃኑ ጡት መጥባት ጀመረ።

«ከዚያ ወዲህ ሕክምና ትዝ ብሎኝ አያውቅም» ትላለች። ሰው መርዳት ስለምትወድ ነው ብለን ልናሞግሳት ስንሞክር ትስቃለች። «መወሰን ወደድኩ» ነው መልሷ። እንዲህ ያለ ሐቀኛ መልስ በ5,000 ፊደል ውስጥ የሚገኝ አይመስለንም።

ሌላም ነገር አለ። የገጠር ጤና ጣቢያ በመሥፈርቱ ከ15,000 እስከ 25,000 ሰው ያገለግላል፤ በሥሩም አምስት ጤና ኬላዎች አሉት። ጤና መኮንኗ ጠዋት ሳል ያለበትን ስትመረምር ትውልና ከሰዓት የሳል በሽተኛ ከአንድ ቀበሌ ለምን እንደበዛ ለማጣራት ትወጣለች። የክትባት ፍሪጁ ሲበላሽ የእሷ ጉዳይ ነው፣ ምንጩ ሲደፈርስም የእሷ ጉዳይ ነው። አንዱን ሰውና ሠፈሩን በአንድ ቀን የሚያይ ሙያ ብዙ የለም። ዶክተር ጓደኞቻችን ሳይቀሩ በዚህ ሲቀኑ ሰምተናል (ደመወዙ ሲነሳ ቅናቱ ይበርዳል)።

ደመወዝ ካነሳን… በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በክፍያ ምክንያት ሥራ እስከማቆም መድረሳቸውን፣ የታሰሩም እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ሙያ መውደድ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ጤና መኮንኖችም አሉ፤ ለእነሱ «ለምን ዶክተር አልሆንሽም» ማለት ጭካኔ ነው። ውጭ የወጣውም አልቀናውም። ሜሪላንድ የደረሰ ጤና መኮንን የፊዚሽያን አሲስታንትን የሙያ ፈተና ልውሰድ ቢል፣ እዚያው እውቅና ካለው ፕሮግራም ያልተመረቀ አይፈተንም ይባላል። ከእነሱ ቀድመን የጀመርነውን ሙያ ይዞ ሄዶ፣ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ከዜሮ ይጀምራል።

እኛን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን የዕድገት መሰላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ የማስተርስ ትምህርት አለ፤ ጤና መኮንኖች የድንገተኛ ቀዶ ጥገናና የማዋለድ ሥራ ይማሩበታል። የማህፀን ስፔሻሊስት በሌለበት ሆስፒታል በምጥ የተያዘችን እናት በቀዶ ጥገና የሚያዋልዷት እነሱ ናቸው። ይህ በሽተኛው አጠገብ የሚያቆይ መሰላል ነው፤ ችግሩ ሁሉንም አይወጣም። የተለመደው መንገድ የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ነው። እሱ ደግሞ ጥሩ ትምህርት ሆኖ ሳለ ብዙውን ጊዜ የሚያደርሰው ቢሮ፣ ፕሮጀክት፣ ሪፖርት ጋ ነው። መርምሮ መወሰን የወደደ ሰው ከፍ ለማለት መመርመሩን መተው አለበት ማለት ነው። ጤና ሚኒስቴር ከፖስተርና ከምስጋና ቀን በፊት ይህንን ቢያስብበት ደስ ይለን ነበር፦ ጤና ጣቢያው ውስጥ እንዳለች የምታድግበት፣ ልምዷ በደረጃና በብር የሚቆጠርበት መንገድ።

ጓደኛችን ባለፈው ሳምንት ደውላ ነበር። ለኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ተመዝግባለች። «ኤንጂኦዎች በደንብ ይከፍላሉ አይደል?» አለችን። አዎ አልናት። ሕፃኑንም ሌሊቱንም አላነሳንባትም።