ልጃችሁ አናጢ ዘንድ ሲገባ

«ልጄ ቤት ተቀምጦ ከሚውል አናጢ ዘንድ ገብቶ ሙያ ይልመድ» የምትሉ እናቶች ጥቂቶች አይደላችሁም። አሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ዓመት ሙሉ ሰጋቱራ ሲጠርግ፣ ሻይ ሲያመላልስና ሳንቃ ሲሸከም ከርሞ መላጊያ በወጉ ሳይጨብጥ የሚወጣው ልጅ ብዙ ነው። ነገሩ በቃል ብቻ ያለቀ በመሆኑም ወላጅ ቢቆጣ የሚይዘው ማስረጃ የለውም።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ልምምድ ውል የሚደረገው ዕድሜው ከ15 ዓመት ካላነሰ ሰው ጋር ሲሆን፣ ውሉም በጽሑፍ መሆን አለበት። የሥልጠናው ዓይነት፣ የሚቆይበት ጊዜና በልምምዱ ወቅት የሚከፈለው ገንዘብ ይሰፍርበታል። 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። የሠርግ ወራት ደርሶ የአልጋና የቁም ሣጥን ትእዛዝ ሲከመር ይህን የሚያስታውስ ባለቤት ማግኘት ግን ቀላል አይደለምና እናንተው አስታውሱት።

ልጁን ከማስገባታችሁ በፊት ወደ ሥራ ቤቱ ጎራ በሉ። መከለያ የሌለው ክብ መጋዝ ካያችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። የእንጨት ብናኝም እንደ ተራ አቧራ አይታይ፤ ለብዙ ዓመታት ሲተነፍሱት የአፍንጫ ካንሰር ሊያስከትል እንደሚችል በጥናት ተረጋግጧል። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ለሴት ልጆቻችሁም ነው። መለካት፣ መግጠምና ቫርኒሽ መቀባት ከጉልበት ይልቅ ዓይንና ትዕግሥት የሚሹ ሥራዎች ናቸው።

ልምምዱ ሲያበቃ አሠሪው የተለመደውን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት መስጠት አለበት። «እኔ በቃሌ እመሰክርለታለሁ» ቢላችሁ እሺ ብላችሁ አትመለሱ።