ስለ ብስክሌት ጥርስና ስለ ተግባረ እድ ክብር

በአውሮራና በዴንቨር ለሚኖረው ወገናችን ብስክሌት የመዝናኛ ዕቃ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት፥ በኮልፋክስ ጎዳና ዳር ቆሞ 15 ቁጥር አውቶቡስ ሲያልፍ መመልከት ይበቃል። በአውቶቡሱ ግንባር ላይ በተሠራው መጫኛ ከሚሰቀሉት ብስክሌቶች ብዙዎቹ ሰፊ ጎማና ቀጥ ያለ መሪ ያላቸው፥ በመልካቸው የተራራ ብስክሌቶች ሆነው ሳሉ፥ ባለቤቶቻቸው ግን ወደ ወጥ ቤት፥ ወደ መጋዘን ወይም ወደ ሌሊት ጥበቃ የሚገሰግሱ ሠራተኞች ናቸው። በዚህ አገር ተወልደው ካደጉት ልጆቻችን ደግሞ አንዳንዶቹ በሰንበት ቀናት ያንኑ ዓይነት ብስክሌት በመኪና ጭነው ወደ ሌክውዱ ግሪን ማውንቴን፥ ወደ ጎልደኑ ኖርዝ ቴብል ማውንቴን፥ ሲበረቱም ርቀው ወደ ባፋሎ ክሪክ ይወጣሉ። አባት ለእንጀራው፥ ልጅ ለደስታው በአንድ ዓይነት መሣሪያ ሲገለገሉ፥ ሁለቱንም ለአንድ ዓይነት ኪሳራ የሚዳርጋቸው የብስክሌቱ ክፍል አንድ ነው፤ እርሱም ከፔዳሉ ክንድ ጋር ተያይዞ የሚዞረው፥ በተለምዶ የፊት ጥርስ የምንለው ባለ ጥርስ ቀለበት ነው። ስለዚህ ነገር በጋዜጣ ማተት ለአንዳንድ አንባቢ ከቁም ነገር የማይቈጠር ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን የሠርቶ አደርን ቤት ወጪ ከሚያበዙት ምክንያቶች ብዙዎቹ ይህን የመሰሉ፥ ማንም ተቀምጦ ያልመከረባቸው ጥቃቅን ነገሮች ስለ ሆኑ፥ ብንነጋገርበት ይጠቅማል እንጂ አይጐዳም።

ከሁሉ አስቀድሞ የፊት ጥርስን የሚያበላሸው ማን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ጥርሶቹ በራሳቸው ዕድሜ ያለቁ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ጥርስን የሚበላው በጊዜው ያልተለወጠ ካቴና ነው። ካቴና ሲያረጅ ረዘመ ይባላል እንጂ ብረቱ የተለጠጠ አይደለም፤ በየመገጣጠሚያው ያሉት ቀጫጭን ፒኖች በአሸዋና በቈሸሸ ቅባት ሲፋቁ ኖረው ሲሳሱ፥ ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት ፋብሪካው ከወሰነው ከ12.7 ሚሊሜትር በጥቂቱ እያለፈ ይሄዳል። የቀለበቱ ጥርሶች ግን በዚያው በ12.7 ሚሊሜትር ልክ የተቈረጡ ስለ ሆኑ፥ የረዘመው ካቴና በጥርሶቹ ሥር ተደላድሎ መቀመጡን ትቶ ወደ ጫፋቸው ይወጣል፤ ለብዙ ጥርሶች ሊከፋፈል ይገባው የነበረውንም ሸክም በጥቂቶቹ ላይ ይጥላል፤ ከዚህም የተነሣ በሁለቱም ወገን እኩል የነበረው ጥርስ በአንድ ወገን ብቻ እየተበላ እንደ ማጭድ ይቈለመማል። ጥርሱ እዚህ ደረጃ ከደረሰ በኋላ አዲስ ካቴና ቢገጠምለት ጤና አያገኝም፤ የተቈለመመው ጥርስ ካቴናውን በጊዜው አልለቅም ብሎ ወደ ላይ ይስበዋል፥ ወይም ነጂው ዳገት ላይ ከኮርቻው ተነሥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲረግጥ ካቴናው በድንገት ዘልሎ ጕልበቱን ከመሪው ጋር ያጋጨዋል።

የኮሎራዶ ምድርና አየር ለዚህ ጥፋት የራሳቸው ድርሻ አላቸው። አገሩ ደረቅ ስለ ሆነ ካቴና እንደ ዝናባም አገር በዝገት ቶሎ አያልቅም፤ ነገር ግን ዝገት የተወውን አሸዋ ይጨርሰዋል። የባፋሎ ክሪክ መንገዶች የሚያልፉበት የፓይክስ ፒክ ግራናይት ዕድሜው ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ የሆነ፥ በዘመን ብዛት ፈራርሶ ወደ ቀላ ያለ ሻካራ አሸዋ የተለወጠ ዐለት ነው፤ በውስጡ ያለው ኳርትዝም ከአሉሚኒየም ቀርቶ ከብዙ ዓይነት ብረት የሚጠነክር ስለ ሆነ፥ ቅባት በበዛበት ካቴና ላይ ሲጣበቅ ብረትን የሚሞርድ ድቄት ይሆናል። በከተማው ውስጥም ቢሆን 114 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የሃይ ላይን ካናል መንገድ አብዛኛው በአስፋልት ያልተሸፈነ በመሆኑ አቧራው አይጠፋም። በበረዶው ወራት ደግሞ በመንገዶች ላይ የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ የተባለው ጨው፥ ከቀለጠው በረዶ ጋር ተቀላቅሎ እየተፈናጠቀ ካቴናውን ያገኘዋል፥ ቅባቱንም አጥቦ ለዝገት ያጋልጠዋል። እንግዲህ የልጁን ብስክሌት የበጋው አሸዋ፥ የአባቱን ብስክሌት የበረዶው ጨው ተካፍለው ያስረጁታል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የጊዜው አሠራር የጨመረው አንድ ምክንያት አለ። ቀድሞ የተራራ ብስክሌት በፊት በኩል ሦስት ቀለበቶች፥ ለምሳሌ ባለ 22፥ ባለ 32ና ባለ 42 ጥርስ፥ ስለ ነበሩት ሸክሙን እየተፈራረቁ ይሸከሙት ነበር። ከዴንቨር በስተ ደቡብ ባለችው በኮሎራዶ ስፕሪንግስ የምርምር ሥራ ቤት ያለው ስራም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ኤክስ ኤክስ 1 የሚባለውን አሠራር ካወጣ ወዲህ ግን፥ ጥርሶቹ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን እየሆኑ ካቴናው እንዳይወልቅ የሚይዙበት አንድ ቀለበት ብቻ በፊት ማድረግ በየፋብሪካው ተለመደ። ለነጂው ቀላል፥ ለጠጋኙም ደስ የሚያሰኝ አሠራር መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ሦስቱ የተካፈሉት ድካም በአንዱ ላይ ወደቀ። ዳገት ይቀለኝ ብሎ ትንሽ ቀለበት የመረጠም ይህን ይወቅ፤ በእኩል አረጋገጥ ባለ 30 ጥርስ ቀለበት ካቴናውን የሚስብበት ኃይል ባለ 34 ጥርስ ከሚስብበት በ13 በመቶ ያህል ይበልጣል፥ ጥርሶቹም ቍጥራቸው ጥቂት ስለ ሆነ በእያንዳንዱ ላይ የሚወድቀው ሸክም ይበዛል።

መድኀኒቱ ግን ከማንም ቤት የማይጠፋ፥ በኢንች የተከፈለ ማስመሪያ ነው። ካቴናውን ከብስክሌቱ ሳያወልቁ በእጅ ወጠር አድርገው፥ የማስመሪያውን ዜሮ በአንድ ፒን መካከል አሳርፈው፥ ከእርሱ ቀጥለው 24 ፒኖች ይቍጠሩ፤ በአዲስ ካቴና ላይ ሃያ አራተኛው ፒን በትክክል በ12ኛው ኢንች መስመር ላይ ይውላል። ፒኑ ከመስመሩ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ኢንች፥ ማለት 1.6 ሚሊሜትር፥ ካለፈ ካቴናው ግማሽ በመቶ ያህል ረዝሟልና የመለወጫው ጊዜ ደርሷል፤ አንድ ስምንተኛ ኢንች ካለፈ ግን ጥርሶቹም አብረው ሳይበሉ አልቀሩም። በዴንቨር ከተማ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ2025 18.81 ዶላር ስለ ነበረ፥ የአንድ ተራ ካቴና ዋጋ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት ሥራ ብዙ አይርቅም፤ የፊት ጥርሱንና የኋላ ጥርሶቹን ሁሉ መለወጥ ግን የቀናት ደመወዝ ሊጠይቅ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ምክር ግን የሚረባው የተገዛው ብስክሌት የሚጠገን ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብም በዚህ ላይ ነው። በትልልቅ መደብሮች በርካሽ የሚሸጡት፥ ቀለማቸው የሚያምር የተራራ ብስክሌት መሰል ብስክሌቶች ወዳሉበት ሄዳችሁ በፔዳሉ በኩል ጐንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ቀለበቱ ከክንዱ ጋር በአራት ወይም በአምስት ብሎን፥ ወይም በሚፈታ ማሰሪያ የተያያዘ ከሆነ፥ ጥርሱ ባለቀ ጊዜ ቀለበቱን ብቻ ፈትቶ ሌላ መግጠም ይቻላል። በብሎን ፈንታ መፍቻ የማይገባበት፥ ጭንቅላቱ ለስላሳ የሆነ የሪቬት ጕብታ ካያችሁ ግን፥ ቀለበቱና ክንዱ አንድ ሆነው ተቀጥቅጠዋልና ጥርሱ ሲያልቅ ምንም ያልሆነው ጤነኛ ክንድ አብሮ ይጣላል፤ ያንንም ለማውለቅ በቤት የማይገኝ ልዩ መንቀያ ያስፈልጋል፤ ጥገናው ወደ ብስክሌቱ ዋጋ ሲጠጋም ባለቤቱ ተስፋ ቈርጦ ብስክሌቱን ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያቆመዋል። ሻጩ ሪቬት የመረጠው ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ነው፤ ያን ጥቂት ዶላር ከእጥፍ በላይ የሚከፍለው ገዢው ነው። ስለዚህ አምስት ዓመት ያገለገለ፥ ቀለበቱ በብሎን የታሰረ ብስክሌት፥ ዛሬ ከካርቶን ከወጣው ባለ ሪቬት ብስክሌት ይሻላል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ።

በሌላው ዳር ደግሞ ገንዘብ የተረፋቸው ወጣቶች የሚወድቁበት ፈተና አለ። ከካርቦን የተሠራ ወይም ውስጡ ክፍት የሆነ ቀላል የፔዳል ክንድ ቢገዙ ዳገቱ ሜዳ የሚሆንላቸው ይመስላቸዋል። ክብደት መቀነሱ ለውድድር ሰው ዋጋ እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን ለተራው ነጂ በጥቂት መቶ ግራም ከሚያገኘው ጥቅም ይልቅ ካቴናውን በማጽዳትና ልክ ያለውን ቀለበት በመምረጥ የሚያገኘው ይበልጣል። ውድነትም ለደኅንነት ዋስትና አይሆንም፤ ስመ ጥሩው የብስክሌት ዕቃ ኩባንያ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በአሜሪካ ብቻ 680,000 ያህል የአውራ ጎዳና ብስክሌት የፔዳል ክንዶችን ለምርመራ የጠራው፥ በሁለት ወገን ተሠርተው በማጣበቂያ የተያያዙት እነዚያ ክንዶች መላቀቅ ይችላሉ ተብሎ ነበር፤ ከ4,500 በላይ እንዲህ ያለ መላቀቅም ተመዝግቦ ነበር። ከተጠሩት መካከልም ዱራ ኤስ የሚባለው የኩባንያው ከፍተኛ መዓርግ ያለው ሥራ ይገኝበታል። ርካሹንም ውዱንም በዋጋው ሳይሆን በአሠራሩ የሚመዝን ልቡና ያስፈልገናል።

የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች በዚህ ረገድ የሚመሰገን ሥራ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በሞተር ለሚሄዱ የአካል ጉዳተኞች ወንበሮች፥ በ2023 ለእርሻ መሣሪያዎች፥ በ2024 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የጥገና መብትን የሚያጸኑ ሕጎች ወጥተዋል፤ የእርሻው ሕግ በአሜሪካ የመጀመሪያው ሲሆን፥ የኤሌክትሮኒክሱ ከጥር 2026 ጀምሮ እንዲሠራበት የተደነገገ ነው። ባለቤት የገዛውን ዕቃ ራሱ ወይም በመረጠው ሰው እንዲጠግን መለዋወጫውና መመሪያው እንዲሰጠው ማዘዝ ፍትሕ ነው። ነገር ግን ሕግ የፋብሪካውን በር ያስከፍታል እንጂ መፍቻ ጨብጦ አይፈታም። የካቴና ምሥጢር ደግሞ ከመጀመሪያውም ተቈልፎ አያውቅም፤ የጐደለው የእኛ እጅ ነው።

እጃችን ስለ ምን ጐደለ? አንዱ ምክንያት ከአገር ይዘነው የመጣነው የቈየ ሕመም ይመስለኛል። ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውንና ፋቂውን በስድብ ስም የሚጠራ ልማድ በመካከላችን ሥር ሰድዶ ስለ ነበረ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፥ ልጁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆን የሚመኝ አባት እጁ በቅባት ሲጠቍር ማየት ዛሬም ያሳፍረዋል። ይህን ሐፍረት የሚያፈርስ ማስረጃ ግን ከራሳችን አገር አለ፤ በባሕር ዳር ከተማ በመንገድ ዳር በዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት መፍቻ ይዞ የሚቀመጠው ጠጋኝ፥ እዚህ እንደ ጥራጊ የሚጣለውን ካቴና ፈትቶ አጥቦና ቈርጦ ለሌላ ብስክሌት ሲያውለው የሚያሳየው ብልሃት፥ ጥበብ የሚለው ስም በሙሉ ክብሩ የሚገባው ነው። ተግባረ እድ የትምህርት ቤት ስም እስኪሆን ድረስ ያከበርነው ነገር በስደት ሊረሳ አይገባውም።

«የእኔ ሰዓት ከካቴናው ዋጋ ይበልጣል፤ ሲበላሽ ሌላ እገዛለሁ» የሚል ሰው ይኖራል፤ ሁለት ሥራ ለሚሠራና እንቅልፉን ለሚሰርቅ ሰው ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ካቴናን መለካት ቡና እስኪፈላ አይፈጅም፥ መለወጡም ላወቀው የግማሽ ሰዓት ሥራ እንኳ አይሞላም፤ ብስክሌቱ በሌሊት ፈረቃ መንገድ ላይ ካቴናውን ሲጥል የሚጠፋው ግን የዚያ ቀን ደመወዝ፥ ምናልባትም የአሠሪው እምነት ነው። ደግሞም ሁሉም ሰው ጠጋኝ ይሁን አላልሁም፤ ለብዙዎች የሚሠሩ ጥቂቶች ይብቁ ነው የምለው።

ስለዚህ አሳቤ ለሰበካ ጉባኤዎቻችን፥ ለእድሮቻችንና ለኮሙኒቲ ማኅበሮቻችን የሚቀርብ ነው። በየወሩ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፥ ወይም በማኅበሩ አዳራሽ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፥ አንድ የብስክሌት ማቆሚያ፥ አንድ የካቴና መፍቻ፥ አንድ የክንድ መንቀያና አንድ ማስመሪያ ይቅረብ፤ በአገር ቤት በጋራዥ የሠሩ አባቶች በመምህርነት ይቀመጡ፤ ልጆቻችንም የራሳቸውን ብስክሌት ከጠገኑ በኋላ ከሥራ የመጣውን የጐረቤታቸውን ብስክሌት ይጠግኑ። በዚያውም አዲስ የመጣ ስደተኛ ብስክሌት ከመግዛቱ በፊት ብሎንና ሪቬትን የሚለይለት ሰው ያገኛል። የዕቃዎቹ ዋጋ ከአንድ ድግስ ወጪ አይደርስም፥ አዳራሾቹም በሳምንቱ አብዛኛውን ጊዜ ተዘግተው ይውላሉ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚገኝ አባል ሁሉ ይህን አሳብ በአጀንዳ አስይዞ፥ ለምን እንደማይደረግ መልስ ሊጠይቅ ይገባዋል።