ያልተፈተሸ ዘብ

ለፋብሪካ ደህንነት የሚውል የሙቀት ትራንስሚተር ሲገዛ አብሮት የምስክር ወረቀት ይመጣል። ገዢው ወረቀቱን ፋይል ያደርጋል፣ መሣሪያውን ያስገጥማል፣ ነገሩም አለቀ ይባላል። ነገር ግን አላለቀም። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው አኃዝ የሚጸናው መሣሪያው በተወሰነለት ጊዜ የማረጋገጫ ፍተሻ ሲደረግለት ብቻ ነው። ፍተሻውን የሚዘልል ድርጅት ገንዘብ የከፈለበትን ዋስትና በገዛ እጁ ይጥለዋል።

ትራንስሚተሩ ከሴንሰሩ የሚደርሰውን ምልክት ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒር በሆነ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለውጦ ያስተላልፋል። ሽቦው ቢቆረጥ ብልሽቱ ወዲያው ይታወቃል። አስቸጋሪው ድብቁ ብልሽት ነው። አንድ የኬሚካል ሪአክተር 180 ዲግሪ ሲደርስ ማሞቂያው እንዲዘጋ ተወስኗል እንበል። ሴንሰሩ በእርጅና ቀስ በቀስ ከልኩ ወርዶ 180ውን 165 ብሎ ቢያነብ፣ ማንም ሳያውቅ ሙቀቱ ገደቡን ያልፋል። ምርት የሚቆጣጠር መሣሪያ ቢሳሳት ምርቱ ተበላሽቶ ያጋልጠዋል። የደህንነቱ መሣሪያ ግን ሥራው ዝም ብሎ መጠበቅ ስለሆነ ጤነኛውና የሞተው አይለዩም።

ሒሳቡም ቀላል ነው። አንድ ትራንስሚተር በአማካይ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ድብቅ ብልሽት ይደርስበታል ቢባል፣ በየዓመቱ ሙሉ ፍተሻ ከተደረገለት በተፈለገበት ሰዓት የመክዳት ዕድሉ ከ200 አንድ ገደማ ነው። ፍተሻው በአራት ዓመት አንዴ ከሆነ ግን ከ50 አንድ ይሆናል። ሁለተኛው የደህንነት ደረጃ የሚጠይቀው ከ100 አንድ ያነሰ ነው። መሣሪያው ያው፣ ወረቀቱም ያው ሆኖ ሳለ ደረጃው ወርዷል።

እ.ኤ.አ. በታህሳስ 11 ቀን 2005 በእንግሊዝ አገር በበንስፊልድ የነዳጅ ማከማቻ የደረሰው ፍንዳታ የሙቀት ሳይሆን የነዳጅ ከፍታ መለኪያ ጉዳይ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። ቤንዚን የሚቀዳበት ጋን መለኪያ ባለበት ቆመ። ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ሦስት ወራት ገደማም ደጋግሞ ቆሞ ነበር። የመጨረሻው ጠባቂ የነበረው የከፍታ ማቋረጫም አልሠራም። የመፈተሻ ማንሻውን በሥራ ቦታው የሚያጸናው ቁልፍ ስላልተደረገለት ማቋረጫው ከጥቅም ውጭ ሆኖ ነበር። ጋኑ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ከ40 በላይ ሰዎች ቆሰሉ፤ ከ20 በላይ ጋኖች በእሳት ተያያዙ። ጠቅላላ ኪሣራው ወደ 1 ቢሊዮን ፓውንድ ተገምቷል።

የምርት ኃላፊዎች የሚያቀርቡት ምክንያት አለ። ለፍተሻ ሲባል ፋብሪካ ማቆም ምርት ያስቀራል ይላሉ፤ እውነትም ነው። መልሱ ግን ፍተሻውን መተው ሳይሆን ከመነሻው አስቦ መግዛት ነው። ሦስት ትራንስሚተሮች ተገጥመው የሁለቱ ድምፅ እንዲወስን ከተደረገ፣ ሥራ ሳይቆም አንዱን በተራ መፈተሽ ይቻላል። በአንድ ብቻ የተሠራ ከሆነም ፍተሻው ከዓመታዊው የጥገና ማቆሚያ ጋር ይገጣጠማል። ስለዚህ በጨረታ ሰነድ ላይ የመሣሪያው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የፍተሻው አሠራር፣ የሚወስደው ጊዜና ወጪውም ሊጠየቅ ይገባል። ዛሬ የረከሰው መሣሪያ በአሥር ዓመት የፍተሻ ወጪ ሲደመር ውዱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ፍተሻ ሲባልም ፊርማ ማኖር ማለት አይደለም። ወደ ትራንስሚተሩ ሰው ሠራሽ ምልክት ልኮ ንባቡን ማየት ኤሌክትሮኒክሱን ብቻ ይፈትሻል፤ ያረጀው ሴንሰር ግን እንዳረጀ ይቀራል። ሴንሰሩ ራሱ ከመከላከያ ቱቦው ወጥቶ ልኩ በታወቀ ሙቀት ሊመዘን፣ ከዚያም እስከ መጨረሻው ቫልቭ ድረስ መዝጊያው መዝጋቱ ሊታይ ይገባል። ከሁሉም በኋላ መሣሪያው ወደ ሥራው መመለሱን ከፈታሹ ሌላ ሁለተኛ ሰው ማረጋገጥ አለበት። በበንስፊልድ የጎደለው አንድ ቁልፍ ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ለፍተሻ የሚመደበው አንድ ቀን ቅጠሉ ነው። በበጀት ወቅት መጀመሪያ የሚሰረዘው መስመር እሱ ከሆነ፣ ድርጅቱ ያቆመው ዘብ ነቅቶ ይሁን ተኝቶ የሚያውቀው አደጋው በደረሰ ዕለት ብቻ ይሆናል።