ዝቅ ብሎ መምራት

እኛ የማርኬቲንግ ባለሙያዎች «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ማለት እንወዳለን። የላሊበላ ሰዎች ግን እንግዳን እንደ ንጉሥ መቀበል ከእኛ በፊት ያውቁበታል። ለታኅሣሥ 29 የገና በዓል ከላስታ ተራሮችና ከሩቅ አገር ብዙ ቀን በእግራቸው ተጉዘው የሚመጡትን ምዕመናን ተቀብለው እግራቸውን ያጥባሉ። ዕለቱ ከጌታ ልደት ጋር የንጉሥ ላሊበላ ልደትም የሚታሰብበት ነው። በንጉሡ ልደት የሚከበረው መንገደኛው ነው ማለት ነው።

መሠረቱ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ይገኛል። ጌታ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። ጳጳሳትና ካህናትም በጸሎተ ሐሙስ ይህንኑ ያደርጋሉ።

እግር የሚያጥብ ሰው ቁስሉንም ስንጥቁንም ያያል። ቆሞ የሚያዝ አለቃ ግን የሚታየው የረፈደው ሰዓት ብቻ ነው። ትሕትና ኃላፊነትን መተው አይደለም፤ ጌታም እግር ካጠበ በኋላ መምህርነቱን አልካደም።

እርስዎም ቤት ወይም ቢሮ የሚመሩ ከሆነ፣ ነገ አርፍዶ የሚመጣውን ሰው ከመቆጣትዎ በፊት «መንገዱ እንዴት ነበር?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ ውሳኔዎን ሊቀይረው ይችላል።